አልበም እንዴት ይጋበዛል?

«ይሄን አልበም ሳትሰማ እንዳትሞት!» የሚል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። የተነገረው ሰውዬ ደግሞ «እሺ፣ እሰማዋለሁ» ይልና ነገሩ እዚያው ይቀራል። ጥፋቱ የአልበሙ አይደለም፣ የአጋባበዙ ነው።

የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከተማው አለቀ ሲባል የእኛ ሰፈር ይጀምራል። ቅዳሜ ማታ ሙዚቃ ለመስማት መሃል ከተማ መውረድ የታክሲው ጣጣ አያስችልም። ስለዚህ ጥቂት ጎረቤታሞች ተራ ገብተን፣ ሁሉም ሰው ሊሰማው ይገባል የምንለውን አልበም እንጋባበዛለን። እናንተም ሰፈር ብትሞክሩት አትጸጸቱም። አሠራሩ እንዲህ ነው።

አንድ ብቻ ምረጡ

የሚጋበዘው አልበም እንጂ ዘፋኝ አይደለም። «ጥላሁንን ስሙ» ማለት ምንም አለማለት ነው። የትኛውን ሥራውን? ከየትስ ተጀምሮ?

የእኔ መመዘኛ ቀላል ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳትዘሉ የምትሰሙት ከሆነ ጋብዙት። የወደዳችሁት ሁለት ዘፈን ብቻ ከሆነ የሁለቱን ርዕስ ለወዳጃችሁ ላኩና ተገላገሉ።

«ምርጥ ምርጥ» እየተባሉ የሚወጡ ስብስቦችን እኔ አልቀበልም። በዚህ ጉዳይ እኛ ዘንድ ያልበረደ ክርክር አለ፤ ኢትዮፒክስ የሚባለው የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስብ ነገር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ (እዚህ የምጠራቸው የአልበም ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በተከታታይ ያወጣቸው ቅጾች ብዙዎቹ ከተለያዩ ሸክላዎች የተለቀሙ ናቸው። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄን ከ1969 እስከ 1974 የተሠሩ ሙዚቃዎች የያዘ ነው። በ2005 አንድ የአሜሪካ ፊልም ሙዚቃዎቹን ሲጠቀምባቸው የውጭው አድማጭ ሙላቱን እንደ አዲስ አወቀው። አንድ ጎረቤታችን ይህን እያነሳ «ዓለም የተቀበለውን አንተ ማነህና ነው የምትከለክለው?» ይለኛል። እኔ ግን በ1972 ኒውዮርክ ላይ የወጣውን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን አስቀድማለሁ። እሱ ታስቦበት የተሠራ አንድ ሙሉ ሥራ ነው። ስብስቡ ግን ሌላ ሰው በኋላ ቆሞ የመረጠው ነው። እናንተ የፈለጋችሁትን ወስኑ፤ ብቻ አስቀድማችሁ ወስኑ። አለበለዚያ ምሽቱ በክርክር ያልቃል።

ለማን እንደምትጋብዙ እወቁ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የራሱን ስሜት ብቻ ያዳምጣል። እኔ የምጋብዘው እንደ ሰዉ ነው።

የድሮ ሙዚቃ አይገባኝም ለሚል ወጣት የማህሙድ አህመድን «ኤረ መላ መላ» እሰጠዋለሁ። በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተሠራ ነው። በ1986 ቤልጂየም ውስጥ ክራምድ ዲስክስ ሲያሳትመው የውጭ አድማጭ ጉድ አለ። በተቃራኒው፣ የዛሬ ልጅ ሙዚቃ አያውቅም ለሚሉ ጋሼዎች የሮፍናንን «ነጸብራቅ» እጋብዛለሁ። በ2018 ሲወጣ ኤሌክትሮኒክ ድምፅን ከአገር ቤት ዜማ ጋር ያጋጠመ አልበም ነው። አንዳንዶቹ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ይሁን።

ጸጥታ ለሚወድ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ የሚያህል የለም። ጃዝ ለሚያውቅ ደግሞ እጅጋየሁ ሽባባው፣ ማለትም ጂጂ፣ በ2001 በስሟ ያወጣችው አልበም አለ። ቢል ላስዌል ነው ፕሮዲውስ ያደረገው። ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮዋ ሳንደርስ ተጫውተውበታል። እነዚህን ስሞች የሚያውቅ ሰው ሲሰማ ከወንበሩ ቀና ይላል።

የሃይማኖትን ነገር አትርሱ። ዘፈን የማይሰሙ ጎረቤቶች አሉ። ስንጠራቸው የምንመርጠው የዋልያስ ባንድን «ቸ በለው» ነው፤ በ1977 የወጣ፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ። «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ስሙን የማያውቅ እንኳ ዜማውን ያውቀዋል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ከጭፈራ ለሚርቁት የዓለሙ አጋ በገና አለ። በአሥሩ አውታር ብቻ አንድ ሰዓት ማስቀመጥ የሚችል ሰው ነው።

አልበሙን ሙሉውንና በቅደም ተከተሉ አግኙ

ዋናው ፈተና ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ቀላል ነው።

ፍላሽ ላይ የሚጫን ሙዚቃ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ቅደም ተከተሉ የተበላሸ ነው። ማጫወቻው በፊደል ተራ ይደረድረዋል። የፋይሉ ስም «ትራክ 01» ከሆነ ደግሞ የማን ትራክ 01 እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ከሬዲዮ የተቀዳ ከሆነ መሃሉ ላይ የጣቢያው ማስታወቂያ ይገባል። ዩቲዩብ ላይ «ሙሉ አልበም» የሚል ተጽፎበት ሦስት ዘፈን የጎደለው ብዙ ነው። የሌላ ዘፋኝ ዘፈን የተጨመረበትም ገጥሞናል።

ማጣሪያው የካሴቱ ወረቀት ነው። የዘፈኖቹን ዝርዝር ከሽፋኑ ጋር አመሳክሩ። ካሴቱ ባይኖራችሁ እንኳ የሽፋኑን ፎቶ ፈልጉ፤ ሰብሳቢዎች ያወጡታል። ከዚያ ሰዓቱን ደምሩ። ሲ-60 የሚባለው ካሴት በአንድ ገጽ 30 ደቂቃ ይይዛል። የካሴት ዘመን አልበም ሆኖ ጠቅላላው 25 ደቂቃ ከሆነ የጎደለ ነገር አለ ብላችሁ ጠርጥሩ። ሸክላ ግን በባሕርዩ አጭር ስለሆነ በዚህ አይፈረድበትም።

የኤና የቢ ገጽ መለያየት ቀልድ አይደለም። ገጽ ቢን የሚከፍተው ዘፈን ታስቦበት የተቀመጠ ነው። ስልክ ላይ ሲሰማ ይህ ድንበር ይጠፋል። የት ላይ እንደሆነ አውቃችሁ በወረቀት ጻፉት፤ በምሽቱ ያስፈልጋችኋል።

አዲስ አልበም ከሆነ ግዙ። ይህን ያህል ነው የምለው። አሮጌ ሆኖ የትም ያልተሸጠ፣ እጃችሁ ላይ ግን ካሴቱ ካለ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት። መገልበጡ ለራሳችሁ ይሁን፤ ለቴሌግራም ቻናል አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 (ይህኛው ዓመት በእኛ ነው) የሚባል ነገር አለ።

አገለባበጡ ላይ ልቆይ። ብዙ ካሴት የሚሞተው እዚህ ነው።

የምትወዱትን ካሴት ለማታውቁት ቴፕ አትስጡ። ቢበላም የማያሳዝናችሁን አንድ ካሴት መጀመሪያ ለአሥር ደቂቃ አጫውቱበት። ቀጥሎ የቴፑን ራስ በጥጥና በአልኮል አጽዱ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ እስኪነጣ ድገሙት፤ ከዚያ እስኪደርቅ ጠብቁ። ካሴቱን ገልብጣችሁ ከክሩ ኋላ ያለችውን ትንሽ ስፖንጅ እዩ። ከወደቀች ድምፁ ይታፈናል። ክሩ የላላ ከሆነ በእስክሪብቶ አጥብቁት። ለዓመታት ሳጥን ውስጥ የቆየ ከሆነ ከማጫወታችሁ በፊት እስከ ጫፍ አሽከርክራችሁ መልሱት፤ ክሩ እንደገና በእኩል ይጠቀለላል።

ቴፑ ከበላው አትጎትቱ። አጥፉት። ክዳኑን ከፍታችሁ ክሩን በጣት ከጎማው ላይ ቀስ አድርጋችሁ አላቁት። ከተበጠሰ በተራ ፕላስተር አትለጥፉት፤ ሙጫው ይፈስና የሚቀጥለውን ዙር ያጣብቀዋል። የካሴት መቀጠያ ፕላስተር ፈልጉ፤ ካጣችሁ የሚጠግን ሰው ጋ ውሰዱት።

ከቴፑ የኤርፎን ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር ገመድ ዘርጉ። አሁን ያሉት ላፕቶፖች ብዙዎቹ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያላቸው፤ እሱም ድምፅ የሚቀበለው ለማይክ ብሎ በአንድ ጎን ብቻ ነው። ግራና ቀኙ አንድ ላይ ይደፈጠጣል። ትንሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ፣ ሁለት ጎን የሚቀበል መሆኑን ጠይቃችሁ፣ ብትገዙ ይሻላል። መቅጃው ፕሮግራም አውዳሲቲ ይበቃል፤ ነፃ ነው።

አሁን ልኬቱ። የአልበሙን በጣም ጯሂ ቦታ ፈልጋችሁ እዚያ ላይ ለኩ። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮው ወደ 6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይበል። ቀዩን ከነካ ማዕበሉ አናቱ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውን የሚመልስ ጥበብ የለም። ዝቅ ያለውን ግን በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ ጥርጣሬ ካላችሁ ቀንሱ።

ፍጥነቱንም አረጋግጡ። የውስጥ ጎማው የላላ ቴፕ ዘፋኙን ያጎትተዋል። ሴቷ የወንድ ድምፅ ካወጣች፣ ወይም ዜማው ከምታውቁት ወረድ ካለ፣ ቴፑን ቀይሩ። ሙሉውን ገጽ በአንድ ፋይል ቅዱ፤ መቆራረጡ በኋላ ይደርሳል። የካሴቱን ሹሹታ ለማጥፋት አትታገሉ። ሹሹታው ሲጠፋ የጸናጽሉ ጫፍም አብሮ ይሄዳል።

በስልክ ማይክ ከስፒከሩ ፊት መቅዳት የሚባል አቋራጭ አለ። አንድ ጎረቤታችን እንደዚያ የቀዳውን አንድ የትዝታ ካሴት አምጥቶ ነበር። ልብ የሚነካው ቦታ ላይ ስንደርስ ከውጭ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ገባ። በደንብ የተቀዳው እሱ ብቻ ነበር።

ጥቂት ብቻ ተናገሩ

አልበሙን ከማስጀመራችሁ በፊት የዘፋኙን ታሪክ ከልደት ጀምራችሁ አትተርኩ። ሰው ጆሮ እንዲጥል የሚያደርግ አንድ ነገር ብቻ በሉ። ለ«ኤረ መላ መላ» እኔ የምለው «ቤዙን ተከተሉ» ነው። ጆቫኒ ሪኮ ነው የሚመታው። ለኃይሉ መርጊያ የ1985 አልበም ደግሞ «ይህ ሁሉ የአንድ ሰው እጅ ነው» እላለሁ። አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሩን ራሱ ተጫውቶ ከበሮውን ለማሽን ሰጥቶ ዋሽንግተን ውስጥ ቀዳው። በ2013 አንድ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶ ደግሞ ሲያወጣው ኃይሉ እዚያው አሜሪካ ታክሲ እየነዳ ነበር። ታሪኩ ጥሩ ነው፤ ግን አልበሙ ካለቀ በኋላ ይነገር። ቀድሞ ከተነገረ ሰው ሙዚቃውን ትቶ ለሰውየው ማዘን ይጀምራል።

ቅኝት የምታውቁ ከሆነ ደግሞ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺሆዬ ጠቁሙ። የማታውቁ ከሆነ ዝም በሉ፤ ከጎረቤት መሃል የሚያውቅ አይጠፋም።

ምሽቱን አዘጋጁ

ቻርጅ አድርጉ። መብራት ይሄዳል።

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ድምፅ አይይዝም፤ ወለሉ ደግሞ ቤዙን ለታችኛው ቤት ያደርሳል። ጋቢ አጥፋችሁ ከጂፓሱ ስፒከር ሥር አድርጉ፤ ከማዕዘን አርቁት። ማዕዘን ላይ ያለ ስፒከር ቤዙ ያብጣል፤ ዘፋኙ ይዋጣል። ሰዉ ከበዛ ከብሎኩ ኮሚቴ ጋር ተነጋግራችሁ በጋራ መገልገያው ቤት አድርጉት፤ ግን ባዶ አዳራሽ ያስተጋባል። ምንጣፍና ሰው ሲበዛበት ይሻላል።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምራችሁ ከ2 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ብሎካችሁ ላይ ወይም አጠገባችሁ የለቅሶ ድንኳን ከተጣለ ሰርዙት። ይህ አያከራክርም።

ስልክ በዝምታ ይሁን። ገጽ ኤ ሲያልቅ አቁሙ። ሻይ የሚቀዳው፣ ቆሎ የሚዞረው፣ ወሬ የሚወራው ያኔ ነው። ይህች እረፍት ከሌለች ሰው ዘፈኑ ላይ ያወራል። ሙሉውን አልበም አስቀምጦ ለማሰማት ከዚህ የተሻለ ዘዴ እኔ አላየሁም።

ሲያልቅ

«እንዴት ነው? ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ። የአበሻ ይሉኝታ ታውቁታላችሁ፤ ሁሉም «በጣም ቆንጆ ነው» ይላል። «የትኛውን ልድገምላችሁ?» በሉ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አይሠራም። ሦስት ሰው ሦስት የተለያየ ዘፈን ከጠራ አልበሙ ገብቷል ማለት ነው። ሁሉም ያንኑ የታወቀውን ከጠሩ ቀሪውን አልሰሙትም።

የማይወድ ካለ አትከራከሩት። ሌላ ቀን፣ ብቻውን፣ መገናኛ ሲወርድ ቅጥቅጥ ውስጥ በኤርፎን ይሞክረው።

በመጨረሻ በአንድ ደብተር ላይ የአልበሙን ስም፣ ዘፋኙን፣ ባንዱን፣ አቀናባሪውን፣ ዓመቱንና ማን እንደጋበዘው ጻፉ። ዓመቱ በእኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ለዩት፤ የሰባትና ስምንት ዓመት ልዩነት በኋላ ብዙ ያጨቃጭቃል። የገጽ ቢ መጀመሪያ የትኛው ዘፈን እንደሆነም አስፍሩ። የሚቀጥለው ባለተራም አልበሙን እዚያው ይናገር፤ ካሴት ከሆነ የሚያጸዳበትና የሚገለብጥበት ሳምንት ያስፈልገዋል።