በስኳር ፋንታ ሻይ ውስጥ የምትገባ ክኒን፦ የቀን ልኳን እንዴት እናሰላለን?

በደብረ ብርሃን ብርድ ሻይ አይቆጠርም። ስኳር በሽታ ያለባቸው ዘመዶቻችን ከፋርማሲ የገዟትን ትንሽ ክኒን ጣል እያደረጉ ይጠጣሉ። "ካንሰር ታመጣለች" ሲባሉ ደግሞ ደንግጠው ወደ ስኳሩ ይመለሳሉ፤ የስኳሩ ጉዳት ግን ጥርጥር የለውም። ስለዚህ ክኒኗን ከመተዋችሁ በፊት አስሉ።

መጀመሪያ ዕቃውን ገልብጡና ስሙን ፈልጉ። ፊት ለፊት "ከስኳር ነፃ" መባሉ ምንም አይነግራችሁም። ከኋላ በደቃቁ አስፓርቴም (ኢ951)፣ ሳይክላሜት (ኢ952)፣ ሳካሪን (ኢ954) ወይም ሱክራሎዝ (ኢ955) ይላል። ፊደሉ ካስቸገረ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አጉሉት። ስምና ሚሊግራም ያልተጻፈበትን፣ በላስቲክ ተቆጥሮ የሚሸጠውን አትግዙ፤ ርካሽ ነው ብዬ አላመቻምችም።

ቀጥሎ ክብደት። ጤና ጣቢያ ሚዛን አለ።

አሁን ስሌቱ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሁሉንም ስዊትነር (በስኳር ፋንታ የሚያጣፍጠውን) አንድ አድርጎ ያያል።

ወሬው የተነሳው ከአስፓርቴም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ሐምሌ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. "ለሰው ካንሰር ሊያመጣ ይችላል" ብሎ ምድብ 2ለ ውስጥ አስገባው። ምድቡ የሚናገረው ስለ ማስረጃው ጥንካሬ ነው፤ ስንት ቢወሰድ ይጎዳል የሚለውን አይመልስም። የእሬት ሙሉ ቅጠል ጭማቂም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። አልኮል ግን ምድብ 1 ነው፤ ክኒኗን ፈርቶ የአረቄ መለኪያውን የማይፈራ ሰው ይህን ይወቅ። በዚያው ቀን የምግብ ተጨማሪዎችን የሚመረምረው የባለሙያዎች ኮሚቴ የቀኑን ገደብ አልቀየረም፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 40 ሚሊግራም። 60 ኪሎ ሰው 2,400 ሚሊግራም ይደርሰዋል። ክኒኗ 20 ሚሊግራም ከያዘች 120 ፍሬ መሆኑ ነው። ማን ይውጠዋል?

ሳይክላሜት ላይ ስትደርሱ ግን ረጋ በሉ። የአውሮፓ ገደብ በኪሎ 7 ሚሊግራም ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው 420። 40 ሚሊግራም የተጻፈባት ፍሬ ብትሆን አሥረኛዋ ላይ ሞላ ማለት ነው። በሲኒ ሦስት ፍሬ እየጨመረ አራት ሲኒ የሚጠጣ ሰው 12 ደርሷል። ያው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እስከ 11 ሚሊግራም ይፈቅዳል፤ እኔ ግን ዝቅተኛውን እይዛለሁ። 15 ኪሎ ሕፃን ከእናቱ ብርጭቆ ሲጎነጭ ገደቡ 105 ነው፤ ሦስተኛዋ ፍሬ ታሳልፈዋለች። ለልጆች አትስጡ የምለው ለዚህ ነው።

አሜሪካ ሳይክላሜትን እ.ኤ.አ. በ1969 ያገደችው የአይጥ ፊኛ ላይ ዕጢ ከታየ በኋላ ነው። ኤጀንሲው በኋላ ሳይክላሜትንም ሳካሪንንም ምድብ 3 አደረጋቸው፤ በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ለማለት ማስረጃው አይበቃም ማለት ነው። በሳካሪን ዕጢ ያወጣው መንገድ የአይጥ ሽንት ጠባይ ሆኖ ስለተገኘ በእሽጉ ላይ የነበረው የአሜሪካ ማስጠንቀቂያ እ.ኤ.አ. በ2000 ተነሳ። ገደቡ ደግሞ ዕድሜ ልክ በየቀኑ ለሚወስድ ሰው የተቀመጠ ነው፤ አንድ ቀን ቢያልፍ አትደንግጡ።

ብዙዎቹ ክኒኖች ሳይክላሜትና ሳካሪን ተቀላቅለው ስለሚመጡ እያንዳንዱን ለብቻው አስሉ። ዓለም አቀፉ ኮሚቴ ለሳካሪን ያስቀመጠው ገደብ በኪሎ 5 ሚሊግራም ነው። ዳይት ለስላሳና ማስቲካም ይደመሩ።

አስፓርቴም እሳት አይችልም፤ ጣዕሙ ይጠፋል። ማንቆርቆሪያው ውስጥ አታፍሉት፣ ብርጭቆው ላይ ጨምሩት። ፊኒልኬቶኑሪያ የሚባለው የዘር ሕመም ያለበት ሰው አስፓርቴምን ጨርሶ አይንካ። በዱቄት መልክ የሚሸጠውን ስትገዙ ዴክስትሮዝ የሚል ካያችሁ፣ ያ ራሱ ስኳር ነው።

ለመክሳት ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ተዉት፤ የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2015 ዓ.ም. ለክብደት ቁጥጥር አልመከረውም። ይህ ምክር የስኳር ሕመምተኞችን አይመለከትም። እነሱ በየሳምንቱ በሲኒ ግማሽ ፍሬ እየቀነሱ ቀረፋና ቅርንፉድ ቢያበዙ ምላስ ይለምደዋል። "ታዲያ ማር ልጨምር?" የሚል ካለ፣ ማር ከስኳሩ ጋር ነው የሚቆጠረው።