«6 እጥፍ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት፦ የዳሰሳ መረጃ ስናሰላ የምንሠራቸው ስህተቶች

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ ያሉ ተማሪዎች መጠይቃቸውን ሰብስበው ኤስፒኤስኤስ (SPSS) የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ይቀመጣሉ። ሠንጠረዡ ወዲያው ይወጣል። ጣጣው የሚመጣው ቁጥሩን ወደ ዓረፍተ ነገር ሲቀይሩት ነው። ያንን ዓረፍተ ነገር አንብቦ ጤና ጣቢያ የት ይሠራ፣ አጎበር ለማን ይታደል ብሎ የሚወስን ሰው ሊኖር ይችላል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ኦድስን እንደ ዕድል ማንበብ ነው። በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። ደሴ ከተማ ላይ 200 እናቶች ተጠየቁ እንበል። 160ዎቹ ጤና ተቋም ወልደዋል። ኩታበር ገጠር ላይም 200 ተጠየቁ፤ ጤና ተቋም የወለዱት 80 ናቸው።

ዕድልን ስናሰላ ለሁሉም ተጠያቂዎች እናካፍላለን። ደሴ 160 ለ200፣ 80 በመቶ። ኩታበር 80 ለ200፣ 40 በመቶ። የደሴዋ እናት ዕድል የኩታበሯ 2 እጥፍ ነው ማለት ነው። ኦድስ ግን የሚካፈለው ጤና ተቋም ላልወለዱት ብቻ ነው። ደሴ 160 ለ40፣ 4 ይሆናል። ኩታበር 80 ለ120፣ 0.67 ገደማ። የሁለቱ ንጽጽር 6 ይመጣል።

መረጃው ያው ነው፤ አንዱ ስሌት 2 ይላል፣ ሌላው 6። መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሆነን ጉዳይ ለመተንተን የምንጠቀምበት ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የሚሰጠን ሁለተኛውን ነው። በውጤት ሠንጠረዡ «ኤክስፕ ቢ» (Exp(B)) በሚለው ዓምድ ሥር ያለው ቁጥር ኦድስ ሬሾ፣ ማለትም የሁለት ኦድሶች ንጽጽር ነው። እሱን አይቶ «የከተማ እናቶች ጤና ተቋም የመውለድ ዕድላቸው 6 እጥፍ ነው» ብሎ መጻፍ ትልቅ ስህተት ነው። እስቲ 40 በመቶን በ6 አባዙት። 240 በመቶ የሚባል ዕድል የለም።

ጉዳዩ ብርቅ ሲሆን ልዩነቱ ይጠባል። ከ200 ሰው 4 እና 2 ቢታመሙ የዕድሉ ንጽጽር 2፣ የኦድሱ 2.02 ነው። በተለምዶ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ሁለቱ ይቀራረባሉ ይባላል። ከዚያ በላይ ከሆነ የዕድሉን ንጽጽር በቀጥታ የሚሰጠውን ፖይሰን ሪግሬሽን ከሮበስት ስታንዳርድ ኤረር (ከተስተካከለ የስህተት መጠን ስሌት) ጋር ተጠቀሙ። ቢያንስ ቢያንስ መቶኛዎቹን ከኦድስ ሬሾው ጎን አስቀምጡ።

ሌላው አካፋዩን አለማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ 26 በመቶው ወሊድ በጤና ተቋም መፈጸሙን ያሳያል። አካፋዩ ከዳሰሳው በፊት በነበሩት 5 ዓመታት በሕይወት የተወለዱ ልጆች ናቸው። በዚያ ጊዜ ሁለቴ የወለደች እናት ሁለቴ ትቆጠራለች። ስለዚህ «26 በመቶ እናቶች» አይባልም። በራሳችሁ መጠይቅም «አላውቅም» ያሉትን አስገባችሁ ወይስ አስወጣችሁ? ሠንጠረዡ ግርጌ ላይ ይጻፍ።

ዌይት፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጠያቂ በሕዝቡ ውስጥ ባለው ድርሻ ልክ እንዲቆጠር የሚያደርገውን ክብደት፣ መርሳትም አለ። ከላይ ያሉትን 400 እናቶች ዝም ብለን ብንደምር 60 በመቶ ይመጣል። ነገር ግን በአካባቢው ካሉ 10 እናቶች 8ቱ ገጠር የሚኖሩ ከሆነ ትክክለኛው 48 በመቶ ነው። በአገር አቀፉ ዳሰሳ ፋይል ውስጥ ዌይቱ «ቪ005» በሚል ስም ተቀምጧል፤ ከመጠቀማችሁ በፊት ለ1,000,000 ይካፈላል። የአንድ ሰፈር ሰዎች ስለሚመሳሰሉም ክላስተሩን (ተጠያቂዎቹ በቡድን የተመረጡበትን ሰፈር) ለሶፍትዌሩ ንገሩት። ካልነገራችሁት ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (እውነተኛው ቁጥር ሊገኝበት የሚችለው ክልል) ያለ አግባብ ይጠባል።

በአንድ ወቅት የተሰበሰበን መረጃ «ስጋት» ብሎ መጥራት ደግሞ በጣም የተለመደ ነው። ቃሉ ወረዳ ቆላ ቀበሌዎች ላይ በጥቅምት ወር ደም መርምራችሁ ወባ ያለባቸውን ብትቆጥሩ፣ ያገኛችሁት በዚያ ወቅት ስንቱ እንደታመመ ነው። ወባ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ስለሚበረታ የጥር ቆጠራ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። በዓመት ውስጥ የመያዝ ስጋትን ለመናገር ጤነኞችን ይዞ በጊዜ ሂደት መከታተል ያስፈልጋል። የቱ እንደቀደመም ተጠንቀቁ። አጎበር ያላቸው ቤቶች ወባ በዝቶባቸው ከተገኙ፣ አጎበሩ የታደላቸው ወባ ስለሚበዛባቸው ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ፣ የክልሉን ቁጥር ወደ ዞን አታውርዱ። አገር አቀፉ ዳሰሳ የተነደፈው ለአገርና ለክልል ነው። የደቡብ ወሎ ቁጥር ካስፈለጋችሁ የራሳችሁን ናሙና ውሰዱ፤ ካልሆነ «አማራ ክልል» ብላችሁ ጻፉ።