ኮድ መጻፍ ያማራችሁ፣ ስክራችን አትናቁት

ፕሮግራሚንግ መሞከር አምሯችሁ ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ከገባችሁ፣ ስክራችን ክፈቱ። በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሚዲያ ላብ ተሠርቶ በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበ፣ ብሎክ የሚባሉ የትእዛዝ ቁራጮችን እየገጣጠማችሁ ፕሮግራም የምትሠሩበት ነጻ መሣሪያ ነው። የልጆች ነው ብላችሁ እንዳታልፉት።

ሲከፈት በእንግሊዝኛ ከመጣ፣ ከላይ ያለችውን የሉል ምልክት ነክታችሁ አማርኛን ምረጡ። አካውንት መክፈት ግዴታ አይደለም። ኔትወርክ የሚቆራረጥባችሁ ደግሞ መተግበሪያውን አንዴ አውርዱት፤ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

መጀመሪያ ይቺን ሞክሩ። የአረንጓዴዋን ባንዲራ ብሎክ አምጡ። ከሥሯ ሳያቋርጥ የሚደጋግመውን ግጠሙ። በእሱ ውስጥ 10 እርምጃ የሚያስኬደውንና ጠርዝ ሲነካ የሚመልሰውን ክተቱ። ባንዲራዋን ስትጫኑ ስክሪኑ ላይ ያለችው ድመት ትሄዳለች፣ ጠርዝ ነክታ ትመለሳለች፤ ግን ተዘቅዝቃ! አትደንግጡ። የመዞሪያ ዘዴዋን ግራና ቀኝ ብቻ አድርጉት፣ ቀጥ ትላለች።

እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ዘመን የማይሽራቸው ለዚህ ይመስለኛል፤ የሠራኸውን እዚያው ታየዋለህ። ቤዚክ የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋም በ1964 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ዳርትማውዝ ኮሌጅ ሲጀመር የታሰበው የሳይንስ ተማሪ ላልሆነውም ጭምር ነበር። ስክራች ላይማ የማይገጥም ብሎክ ጭራሽ አይያያዝም። በጽሑፍ ኮድ ላይ እንደሚያጋጥመው አንዲት ሴሚኮለን (;) ረስቶ ሲታመሱ ማምሸት የለም።

ድመቷን ከጨረሳችሁ በኋላ ሌላ ሰው የሠራውን ጌም ክፈቱና ውስጡን እዩ። ፍጥነቱን ወይ የነጥብ አቆጣጠሩን ቀያይሩና ምን እንደሚፈጠር ተመልከቱ።