በአየር ፎቶ ላይ የቅድመ ታሪክ የቀለበት ቦዮችን እንዴት መለየት ይቻላል?

መሬት ላይ ቆማችሁ ብታዩት ተራ የገብስ ማሳ ነው። ከላይ ሲታይ ግን መሃሉ ላይ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ክብ አለ። ያ ክብ ከ4,000 ዓመት በፊት በመቃብር ዙሪያ የተቆፈረ ቦይ፣ ማለትም የቀለበት ቦይ፣ ሊሆን ይችላል። ባለፈው ዓመት ከብቶች ድርቆሽ የበሉበት ቦታም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን መለየት ይለመዳል፤ የአርኪዮሎጂ ዲግሪም አይጠይቅም። ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ይበቃሉ።

ምሳሌዎቼን የምወስደው ከብሪታንያ፣ ከአየርላንድና ከጀርመን ነው፤ ሥራው በደንብ የዳበረው እዚያ ነውና። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ክብ ስላገኛችሁ ብቻ አትደሰቱ። ክብ ነገር በየማሳው ሞልቷል። ቦዩ የት ይቋረጣል? ስንት ቦታ? ወደየት አቅጣጫ? ምን ዓይነት ቅርስ እንደሆነ ከሁሉም በላይ የሚነግራችሁ ይህ ነው።

ቦዩ ለምን ይታያል?

የጥንት ሰዎች ቦይ ቆፍረው አፈሩን በጎን ይከምሩታል። ዘመናት ሲያልፉ ቦዩ በለም አፈር ይሞላል። ክምሩ በእርሻ ብዛት ይደለደልና ይጠፋል። ከሥር ያለው ጠጠር ወይም ጠመኔ ድንጋይ ግን አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው።

ዝናብ ሲጠፋ በዙሪያው ያለው ሰብል ውሃ ያጥረውና ቶሎ ይቢጫል። ቦዩ ላይ የበቀለው ደግሞ ሥሩን ወደ ታች ሰድዶ እርጥበት ያገኛል። ይረዝማል፣ ይጠቁራል፣ ዘግይቶ ይደርሳል። ከሥር የተቀበረው የድንጋይ ግንብ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፦ ሰብሉ ይቀጭጫል፣ ቀድሞም ይቢጫል። ስለዚህ ጠቆር ያለ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ቦይ ነው፤ ገረጣ ያለ መስመር ግንብ ወይም የተነጠፈ መንገድ ነው። ይህን “የሰብል ምልክት” እንበለው።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። አዲስ በታረሰ መሬት ላይ የአፈሩ ቀለም ይለያል። ፀሐይ ስትጠልቅ ትንሽ ጉብታም ጥላ ይጥላል። አመዳይና በረዶ ቦዩን ያጎሉታል። ብዙ የቀለበት ቦይ የተገኘው ግን በሰብል ምልክት ነው።

1. ቦታና ዓመት ምረጡ

ዝም ብሎ ካርታ ላይ መዞር ያደክማል። በወንዝ ዳር ካለ ጠጠራማ መሬት ወይም ከጠመኔ ኮረብታዎች ጀምሩ። እንግሊዝ ውስጥ የቴምስ ሸለቆና የዊልትሸር አውራጃ ጥሩ መነሻዎች ናቸው። ከባድ ሸክላ አፈር ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ምልክት የሚያወጣው በጣም ደረቅ በሆነ ዓመት ብቻ ነው። ከሰብል ገብስና ስንዴ አንደኛ ናቸው። ድንች ወይም በቆሎ ያለበትን ማሳ እለፉት።

ወሩ ጁን ወይም ጁላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ሰብሉ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚዞርበት ጊዜ ነው። ዓመቱ የድርቅ ዓመት ከሆነ እሰየው ነው። እ.ኤ.አ. 1976 እና 2018 ለዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሳ ዓመታት ናቸው። በጁላይ 2018 አንተኒ መርፊና ኬን ዊልያምስ አየርላንድ ውስጥ፣ ኒውግሬንጅ በተባለው ጥንታዊ መቃብር አጠገብ ድሮን ሲያበሩ ወደ 150 ሜትር የሚሰፋ ክብ ቅርስ አገኙ። ያ አካባቢ ለብዙ አሥርት ዓመታት በባለሙያ ሲጠና የኖረ ነው። ቅርሱን ያወጣው ድርቁ ነው።

2. ፎቶ ሰብስቡ

በጣም ቀላሉ የጉግል ኧርዝ የዴስክቶፕ ስሪት ነው። የሰዓት ምልክቱን ስትጫኑ የቀድሞ ዓመታት ምስሎች ይከፈታሉ። ይህች አዝራር ከማንኛውም ውድ ሶፍትዌር ትበልጥብኛለች። ለእንግሊዝ የቅርስ ተቋሙ የሂስቶሪክ ኢንግላንድ የአየር ፎቶ መፈለጊያ አለ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ስብስብ ደግሞ ኬኔዝ ሴንት ጆሴፍ ከ1945 ጀምሮ እየበረረ ያነሳቸውን ይዟል። ስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ ያለውንም ብሔራዊ የአየር ፎቶ ስብስብ ተመልከቱ።

ፎቶዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ቀጥታ ወደ ታች የተነሱት ለልኬት ይመቻሉ። በአግድም ዘንበል ብለው የተነሱት ደግሞ ምልክቱን አጉልተው ያሳያሉ፤ ግን እውነተኛውን ክብ ሞላላ ያስመስሉታል። ከእነሱ ላይ በቀጥታ አትለኩ።

3. በትክክል ተመልከቱ

ጥላ ያለበት ፎቶ ከሆነ ጥላው ወደ እናንተ እንዲወድቅ አድርጋችሁ አዙሩት። ካላዞራችሁት አእምሯችሁ ጉብታውን ጉድጓድ፣ ጉድጓዱን ጉብታ አድርጎ ያሳያችኋል። ከዚያ ንጽጽሩን ጨምሩና ፎቶውን ትንሽ አርቁት። ብዙ ስትቀርቡ መስመሩ በየእህል ተክሉ ውስጥ ይበተናል።

አሁን ጠርዙን ተከተሉ። የጥንት ቦይ ጠርዝ ለስለስ ያለ ነው፤ ውፍረቱም እዚህ ሰፋ፣ እዚያ ጠበብ ይላል። በኮምፓስ የተሳለ የሚመስል ፍጹም እኩል መስመር ካያችሁ ጠርጥሩ።

በጣም የምወደው ፈተና ግን የማሳ ድንበር ነው። ክቡ ግማሹ ገብስ ማሳ፣ ግማሹ ስንዴ ማሳ ላይ ወድቋል እንበል። በሁለቱም በኩል ሳይዛነፍ ከቀጠለ፣ ምክንያቱ ከሥር ያለው መሬት ነው ለማለት ጥሩ ማስረጃ አላችሁ። ገበሬው ያመጣው ነገር ብዙ ጊዜ ድንበሩ ላይ ይቆማል። የትራክተር ጎማ መስመሮችንም እዩ። ቀጥ ብለው ክቡን አቋርጠው ካለፉ ክቡና የዛሬው እርሻ አይተዋወቁም ማለት ነው።

ክቡ ውስጥ ደግሞ ነጠብጣብ ፈልጉ። መሃል ላይ ያለ ጥቁር ነጥብ የመቃብር ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። በክብ የተደረደሩ ነጠብጣቦች ደግሞ የእንጨት ምሰሶ ጉድጓዶች ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ1925 አብራሪው ጊልበርት ኢንሶል በእንግሊዝ ባለው ጥንታዊ የድንጋይ ክብ፣ በስቶንሄንጅ አቅራቢያ ያየው ይህንኑ ነበር። ቦታው እስከዚያ ድረስ የተደለደለ የመቃብር ጉብታ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። አርኪዮሎጂስቷ ሞድ ከኒንግተን ስትቆፍረው ስድስት እርከን የምሰሶ ቀለበት ወጣ። ዛሬ ውድሄንጅ የምንለው ነው።

4. ለኩ፣ መቆራረጡንም ቁጠሩ

የጉግል ኧርዝን ማስመሪያ አውጡና ዲያሜትሩን ውሰዱ። ከዚያ ክፍተቶቹን ቁጠሩ። ሁለቱን ማጣመር አለባችሁ፤ ስፋት ብቻውን ያሳስታል።

ከ6 እስከ 15 ሜትር የሆነ፣ መስመሩ ቀጭን፣ አንድ ክፍተት ያለው ከሆነ የብረት ዘመን ክብ ቤት ሊሆን ይችላል። ቀጭኗ ቦይ ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ ትቀበላለች። በሩ ብዙ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ወይም ደቡብ ምሥራቅ ይዞራል። ስለዚህ ክፍተቱ በዚያ በኩል ከሆነ ግምታችሁ ይጠነክራል።

ከ10 እስከ 40 ሜትር የሆነ፣ ቦዩ ወፈር ያለና ክፍተት የሌለው ከሆነ በአብዛኛው የነሐስ ዘመን የመቃብር ጉብታ ቅሪት ነው። ብዙዎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2200 እስከ 1500 ባለው ጊዜ የተሠሩ ናቸው። ጎረቤት ይወዳሉ። አንድ ካገኛችሁ በዙሪያው ሌላ ፈልጉ፤ ሦስት አራት ሆነው በመስመር ከተደረደሩ ጥርጣሬያችሁ ይቀንሳል።

ቦዩ በጣም ሰፊ፣ መግቢያው አንድ ወይም ትይዩ ሁለት ከሆነ ሄንጅ አስቡ። ሄንጅ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3000 እስከ 2000 ገደማ የተሠራ የሥርዓት ቦታ ነው። አፈሩ የተከመረው ከቦዩ ውጭ ነው። ለመከላከያ ቢሆን ክምሩ በውስጥ በኩል ይሆን ነበር።

ቦዩ ብዙ ቦታ ተቆራርጦ፣ ክር ላይ እንደተሰካ ጨሌ ሆኖ ከታየስ? ያኔ ከክርስቶስ ልደት በፊት 3700 ገደማ በብሪታንያ መሠራት የጀመሩትን የአዲሱ የድንጋይ ዘመን ቅጥር ግቢዎች ዓይነት ይዛችኋል። ዊልትሸር ያለው ዊንድሚል ሂል ሦስት እንዲህ ዓይነት ዙሮች አሉት፤ የውጭኛው ስፋት ወደ 360 ሜትር ነው። ቦዩን ቁራጭ በቁራጭ ነው የቆፈሩት። እያንዳንዱን ቁራጭ የተለያየ ቡድን ቆፍሮት ይሆናል የሚል ሐሳብ አለ፤ እኔን ያሳምነኛል።

በመካከለኛው አውሮፓ ደግሞ የበለጠ የቆዩ ክቦች አሉ። ጀርመን ያለውን የጎዜክ ክብ፣ የአየር አርኪዮሎጂ ባለሙያው ኦቶ ብራሽ በ1991 ከአየር አገኘው። ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 4900 ገደማ ይደርሳል። ሦስት በሮች አሉት። ሁለቱ ደቡባዊ በሮች በዓመቱ አጭር ቀን ፀሐይ የምትወጣበትንና የምትጠልቅበትን አቅጣጫ ይጠቁማሉ። ክፍተቱን ያልለካ ሰው ይህን ሁሉ ያጣዋል።

አራት ማዕዘን ወይም ቅርጸ ብዙ ቅጥሮችም ይገጥሟችኋል። ትንሽ ክብ ግቢ ሆኖ ረጅም፣ በሁለት ቦይ የታጠረ መግቢያ ካለው የሙዚቃ መሣሪያውን ባንጆን በመምሰሉ ባንጆ የሚባለው የብረት ዘመን ግቢ ነው።

5. አሳሳቾቹን አጣሩ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። ሣር ላይ ያለ ጥቁር አረንጓዴ ክብ የፈንገስ ቀለበት ሊሆን ይችላል። ፈንገስ በየዓመቱ ወደ ውጭ ይሰፋል፤ የሁለት ዓመት ፎቶ አነጻጽራችሁ ዲያሜትሩ ካደገ ነገሩ አለቀ። የጥንት ቦይ አይንቀሳቀስም።

ክቡ ውስጥ መስቀል ካለ የመካከለኛው ዘመን የነፋስ ወፍጮ ቦታ ይሆናል፤ መስቀሉ ወፍጮውን የተሸከሙት የእንጨት አግዳሚዎች አሻራ ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፍለጋ መብራትና የፀረ አውሮፕላን ጣቢያዎችም ክብ ቦይ ትተዋል። እነሱን ለማጣራት የእንግሊዝ አየር ኃይል በ1940ዎቹ ያነሳቸውን ፎቶዎች ክፈቱ። የዛፍ ክምችት የነበረበት ክብ ደግሞ በድሮ ካርታ ላይ ይወጣል። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ የድሮ ካርታና የዛሬን ምስል ጎን ለጎን ያሳያል።

የከብት መመገቢያ ቀለበት ከጥቂት ሜትር አያልፍም፣ ቦታውንም ይቀይራል። የፈረስ ማሠልጠኛ ክብ ከበረት አይርቅም። ክቦች ሳይሆኑ የተያያዙ ባለ ብዙ ማዕዘን መስመሮች ካያችሁ የበረዶ ዘመን የመሬት ስንጥቅ ነው።

6. መዝግቡ፣ አሳውቁ

የቦታውን መጋጠሚያ ነጥብ (ኬክሮስና ኬንትሮስ)፣ የፎቶውን ቀንና ምንጭ፣ ዲያሜትሩን፣ የክፍተቶቹን ቁጥርና አቅጣጫ ጻፉ። ያያችሁትን መስመርና የገመታችሁትን መስመር በተለያየ ቀለም ሳሉ። ነጻ የሆነው ኪውጂስ (QGIS) የካርታ ፕሮግራም ዘንበል ያለውን ፎቶ ካርታ ላይ ለማስተካከል ይረዳል፤ በምልክቱ ዙሪያ ቢያንስ አራት የሚታወቁ ነጥቦች፣ ለምሳሌ የማሳ ማዕዘኖች፣ ያስፈልጓችኋል።

እንግሊዝ ውስጥ ከሆነ በየአካባቢው ያለው የቅርስ መዝገብ ክፍል ሪፖርት ይቀበላል። መጀመሪያ ቅርሱ ተመዝግቦ እንደሆነ ፈልጉ፤ ከተመዘገበም የእናንተ ፎቶ አዲስ ክፍተት ወይም አዲስ ነጠብጣብ ሊጨምርበት ይችላል። አየርላንድ ከሆነ ለብሔራዊ ቅርሶች አገልግሎት ነው።

አካፋና የብረት መፈለጊያ ይዞ መሄድ ግን ፈጽሞ አይታሰብ። በ1979ኙ የብሪታንያ የጥንት ቅርሶች ሕግ መሠረት ጥበቃ በተደረገለት ቅርስ ላይ ያለ ፈቃድ በብረት መፈለጊያ መጠቀም ወንጀል ነው። ከሕጉም በላይ ከቦታው የተነቀለ ዕቃ ምስክርነቱን ያጣል፤ መልሶ የሚተከልበት መንገድ የለም።

ሪፖርቱ ላይ “የነሐስ ዘመን መቃብር አገኘሁ” ብላችሁ አትጻፉ። “የቀለበት ቦይ ሊሆን የሚችል ምልክት፣ 24 ሜትር፣ ክፍተት አልታየም፣ ጁላይ 2018” በቂ ነው። “አልታየም” የምትለዋ ቃል ትኑር። አንድ ፎቶ የደበቀውን በር የሚቀጥለው ደረቅ ዓመት ሊያወጣው ስለሚችል፣ አዲስ ምስል በተጫነ ቁጥር ያንኑ ማሳ ድጋሚ ክፈቱት።