ለድሮ ኦሲሎስኮፕ ማዞሪያ በቤት ውስጥ መሥራት

እንደ ቴክትሮኒክስ 465 ያለ የ1970ዎቹ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ) ውስጡ ጤነኛ ሆኖ ማዞሪያው ተሰንጥቆ ታገኙታላችሁ። አዲስ ፍለጋ አትድከሙ፣ ራሳችሁ ሥሩት።

መጀመሪያ ማዞሪያው የሚሰካበትን ዘንግ በካሊፐር (ውፍረት በትክክል በሚለካ መሣሪያ) ለኩ። የድሮ የአሜሪካ ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ 6.35 ሚሊሜትር ነው፣ የአውሮፓው ደግሞ 6። ኢምንት ትመስላለች፣ ግን ለ6.35 የተበሳው 6 ላይ ሲገባ ይወላገዳል።

ከዚያ ያልተሰበረ ተመሳሳይ ማዞሪያ አውጡ፣ በሳሙና እጠቡት፣ ቀዳዳዎቹን በፕላስቲሊን ድፈኑ። ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ለጥፉትና የቅርጽ ማውጫ ሲሊኮን ከጥግ በኩል በቀጭኑ አፍስሱ። ዱብ ካደረጋችሁት አየር ይይዛል፣ ያቺ አረፋ ደግሞ ነገ አዲሱ ማዞሪያ ላይ ኪንታሮት ሆና ትወጣለች። ሲሊኮኑ ሲረጋ ዋናውን አውጡና ጥቁር ቀለም የገባበት ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) ሙሉበት።

ጣጣው መሃሉን ቀጥ አድርጎ መብሳት ነው። በእጅ ድሪል አትሞክሩት፤ እኔ ሁለቱን ያበላሸሁት እንደዚያ ነው። በቋሚ ድሪል ብሱና ለዘንጉ ልክ የሆነ የነሐስ ቱቦ አጣብቁበት፣ ማዞሪያውን ዘንጉ ላይ የሚያጠብቀውን ብሎን ጥርስ እሱ ላይ አውጡ፤ ኢፖክሲ ብቻውን ቶሎ ይበላል። የጠቋሚዋን መስመር ጎድጓዳ በነጭ ቀለም ሙሉና ሳይደርቅ ትርፉን በአሮጌ የሞባይል ካርድ ጥረጉት።