ፋይሉ አለ፣ ሊኑክስ ግን «የለም» ይላል

ዊንዶውስ ላይ የተጻፈ የቢልድ ስክሪፕት (ፕሮግራም የሚገነቡ ትእዛዞች ያሉበት ፋይል) ሊኑክስ ላይ ስታስኬዱት «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ብሎ ይቆማል። ፋይሉ ግን ፊታችሁ ቁጭ ብሏል። ይህን ችግር ስንቴ እንደፈታሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል።

የጠፋው ስክሪፕቱ አይደለም። ዊንዶውስ አንድን መስመር በሁለት ባይት ይዘጋል፤ በ13 እና በ10። ሊኑክስና ማክ 10 ብቻ ይበቃቸዋል። ስለዚህ ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ሼል (ትእዛዝ አስኬጅ ፕሮግራም) በሚጠራበት በመጀመሪያው መስመር ላይ «ባሽ» ከሚለው ስም ጭራ የማትታይ 13 ተለጥፋ ትቀራለች። ሊኑክስም በዚያ ስም የሚጠራ ፕሮግራም ፈልጎ ያጣል።

ለማረጋገጥ ፋይሉን ባይቶችን በሚያሳየው በኦዲ (od) ትእዛዝ፣ ዳሽ ሲ (-c) ጨምራችሁ እዩት። መስመር መጨረሻ ላይ ባክስላሽ አር (\r) ካለ ያቺው 13 ናት።

አንዴ ስክሪፕቱ ንጹሕ ሆኖ ኮንፊግ (የቅንብር) ፋይሉ ጉድ ሠራን። ባልደረባዬ ዊንዶውስ ላይ ከፍቶ አንድ ቃል ቀየረ፤ ኤዲተሩ ሳይጠይቀው የመስመሮቹን መጨረሻ ሁሉ ለወጠ። እንዲህ ያለ ኤዲተር ያናድደኛል። ስክሪፕቱ የአንድ ፎልደር ስም ከዚያ ፋይል አንብቦ ፎልደሩን ፈጠረ። ቀጣዩ ደረጃ «ፎልደሩ የለም» አለ። ግማሽ ቀን ስንፈልግ ዋልን። በኋላ ዝርዝሩን ቀስ ብለን ስናየው ከፎልደሩ ስም ኋላ አንዲት የጥያቄ ምልክት አለች። ያቺው 13 ነበረች።

የመስመር መጨረሻ የሚያስተካክለው ዶስቱዩኒክስ (dos2unix) የሚያጸዳላችሁ ለዛሬ ነው። ነገ ሌላ ሰው ኮዱን ከጊት (የኮድ ለውጥ መከታተያው) ሲያወርድ ችግሩ ይመለሳል። ጊትአትሪቢዩትስ (.gitattributes) የሚባለውን፣ ስሙ በነጥብ የሚጀምረውን ፋይል ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገቡ። የሼልና የኮንፊግ ፋይሎች ሁልጊዜ በኤልኤፍ (LF፣ ያው 10) እንዲያልቁ እዚያ ጻፉ። ከዚያ ጊት አድን ከሪኖርማላይዝ ጋር (git add --renormalize) አስኪዱና ኮሚት አድርጉ። «እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጊት ያስተካክል» አትበሉ፤ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ይፈርሳል።

ተጠንቀቁ! ፊደል በሚያጠፋው ቲአር (tr) ትእዛዝ ስታጸዱ ውጤቱን ወደዚያው ፋይል አትመልሱ። ሼሉ ገና ሳይነበብ ባዶ ያደርገዋል። ምስልና ዚፕ ፋይል ደግሞ ጨርሶ አትንኩ፤ ይበላሻል።

ጽሑፍ የሚቀይረው ሴድ (sed) በዳሽ አይ (-i) ማክ ላይ እምቢ ካለ፣ የማኩ ሴድ የመጠባበቂያ ቅጥያ ስለሚጠብቅ ነው። ወደ ጊዜያዊ ፋይል ጽፋችሁ ስሙን ቀይሩ።

ድርብ ቅንፍ ([[) ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ ላይ «አልተገኘም» ከተባለ፣ ኤስኤች (sh) እዚያ ከ2006 ጀምሮ ዳሽ የተባለ ሌላ ሼል እንጂ ባሽ አይደለም። የመጀመሪያው መስመር ላይ ባሽን በስሙ ጥሩ።

ማክ ላይ ያለፈ ፋይል ሊኑክስ ላይ ከጠፋ፣ የስሙን ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል አስተያዩ፤ ሊኑክስ ይለያቸዋል።