ፍሬሙን ከመጫናችሁ በፊት ጎማውን ገልብጡት

ባለፈው ሰሞን አንድ ልጅ የታላቅ ወንድሙን አሮጌ ማውንቴን ሳይክል እየገፋ መጣ። «ጋሼ፣ የኋላ ጎማው ወደ ግራ አዘንብሎ ነበር። ከጓደኛዬ ጋር ፍሬሙን ረግጠን መሃል አስገባነው፤ አሁን ግን ስነዳው ወደ ጎን ይስበኛል።» ፈትሼ አየሁት። ጥፋቱ ከመጀመሪያውም የጎማው ነበር፤ የግራ ሽቦዎቹ ከልክ በላይ ተወጥረው ቸርኬውን ስበውታል። ጤነኛውን ፍሬም አጣመው የታመመውን ጎማ እንዳለ ተዉት።

ይህን ባየሁ ቁጥር ያመኛል፤ ማጣሪያው ሁለት ደቂቃ አይፈጅምና። የኋላ ጎማውን ፍቱት፣ ጥርሱ ወደ ግራ እንዲሆን ገልብጣችሁ መልሱት፣ ፔርኖው (የጎማው መሃል ዘንግ) መቀመጫው ውስጥ እስከ መጨረሻው መግባቱንም እዩ። ቸርኬው አሁንም ወደዚያው ጎን ካዘነበለ ጥፋቱ የፍሬሙ ነው። ጎን ከቀየረ የጎማው ነው፤ ፍሬሙን አትንኩት።

ቀጥሎ ክር፤ ፍሬሙ ቀጥ ማለቱን የምታዩት በእሱ ነው። ከአንዱ የፔርኖ መቀመጫ አስራችሁ በመሪው አንገት ፊት አዙሩት፣ በሌላው መቀመጫ ላይ እዚያው ነጥብ ላይ እሰሩት። ከክሩ እስከ ኮርቻው ቧንቧ ያለውን ርቀት በሁለቱም ጎን ለኩ። የልጁ ፍሬም በቀኝ 30፣ በግራ 26 ሚሊሜትር ነበር። የ1 ሚሊሜትር ልዩነት ቢኖር እንኳ ለአሮጌ ሳይክል ተዉት።

አሉሚኒየም አታቅኑ። ማግኔት ካልያዘው እጃችሁን ሰብስቡ። እኔ ሥራ ስጀምር አንዱን አቅንቼ ባለቤቱን ሸኘሁት፤ በወሩ ብየዳው አጠገብ ተሰንጥቆ ተመለሰ። ሰውዬው ሳይወድቅ ማየቱ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ብረትንም ቢሆን በእሳት አታሙቁ። ብረት በቀዝቃዛው ይታጠፋል፤ ስትለቁት ትንሽ ስለሚመለስ ጥቂት አሳልፋችሁ ጫኑ፣ ልቀቁ፣ ለኩ፣ ድገሙ።

ብዙ የቆዩ ማውንቴኖች የኋላ ስፋታቸው (በሁለቱ የፔርኖ መቀመጫዎች መካከል ያለው) 130 ሚሊሜትር ነው፤ ከእነሱ ቀጥሎ የመጡት ብዙዎቹ 135 ናቸው። አዲሱን ጎማ ለማስገባት ረጅም ቡሎን መሃል አስገብተው በዳዶ የሚከፍቱ አሉ። የኋላ ጎማውን ከግራና ከቀኝ የያዙት ሁለቱ የፍሬሙ ክንፎች እኩል አይበገሩም፤ ደካማው ብቻውን 5 ሚሊሜትር ሊሄድ ይችላል። አንዱን ክንፍ 2.5 ክፈቱ፣ ከዚያ ሌላውን፤ በየመሃሉ ክሩን እዩ።

ማርሹ ስለዘለለ ብቻ ፍሬም አትወንጅሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የታጠፈው መቀየሪያው የተንጠለጠለበት ጆሮ ነው።

ሳይክሉ ከፊት ተጋጭቶ ከሆነ ከመሪው አንገት ኋላ ያሉትን ቧንቧዎች ከሥር በጣታችሁ ዳብሱ። እብጠት ወይም የተሸበሸበ ቀለም ካገኛችሁ ማቃናቱ ይቅር፤ ማንም እንዳይነዳው አድርጉ።

የልጁን ክንፎች አንድ በአንድ መልሰን ክሩ 28 በ28 ሲሆን ሊሄድ ተነሣ። አስቀመጥኩት። የፔርኖ መቀመጫዎቹ ትይዩ መሆናቸውን ገና አላየንም ነበር፤ እነሱ ከተዛነፉ ፔርኖው እየታጠፈ ይሰበራል።